የብርቱም ቋንጃ ይዝላል

ሰው ሁሉ በሥጋው ደካማ ሆኖ እንደ ተፈጠረ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ድካምን በባልንጀራችን ላይ ስናየው ስንፍና እንለዋለን፤ በራሳችን ላይ ሲመጣ ደግሞ ሕመም እንለዋለን። ስሙን እንዲህ እያለዋወጥን ስለምንጠራው እውነተኛ ጠባዩን ሳንመረምር እንቀራለን። በኦሪት ዘጸአት በ17ኛው ምዕራፍ፣ እስራኤል ከዐማሌቅ ጋራ በተዋጉ ጊዜ የሙሴ እጆች ዝለው እንደ ነበር ሊቃውንት አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ሙሴ ያን ያህል ታላቅ ነቢይ ሲሆን እጁ ከመዛል አልዳነም። አሮንና ሖርም ስለ ምን ደከምህ ብለው አልነቀፉትም፤ የሚቀመጥበትን ድንጋይ አቀረቡለት፤ በሁለት ወገን ሆነውም እጆቹን ደገፉ። ከዚህ የምንማረው ድካም የስንፍና ምልክት ሳይሆን የሥጋ ሕግ መሆኑን፣ ሕጉንም አውቆ የደከመውን መደገፍ የአስተዋይ ሰው ሥራ መሆኑን ነው።

ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ እጅ ሳይሆን ስለ እግር፣ ይልቁንም ስለ ቋንጃ ድካም ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ፣ ከዚያም ወዲያ በሐረና ጫካ በኩል እስከ አንገቱ ድረስ ለሚኖረው ሕዝብ፣ እግር ማለት መተዳደሪያ ማለት ነው። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ካህኑም ወደ ደብሩ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ ነው። ስለዚህ የእግርን ኀይልና ድካም ማወቅ ለስፖርተኛ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሰውን ለሚያሠራ፣ ለሚያስተምርና ለሚመራ ሁሉ የሚገባ ዕውቀት ነው።

ሕዝባችን ቋንጃ የሚለው ከጉልበት በስተኋላ ግራና ቀኝ የሚዳሰሰውን ጠንካራ ጅማት ነው። ይህ ጅማት ብቻውን የቆመ አይደለም፤ በጭን በስተኋላ ከተዘረጉት ሦስት ጡንቻዎች የሚወርድ ነው። ጡንቻዎቹ በብዛት ከመቀመጫ አጥንት ተነሥተው ጉልበትን ካለፉ በኋላ፣ አንደኛው በውጭ በኩል፣ ሁለቱ በውስጥ በኩል፣ ከጉልበት በታች ባሉት አጥንቶች ላይ ይታሰራሉ። በዚህ ጽሑፍም ቋንጃ ስንል ጅማቱንና ጡንቻዎቹን አንድ አድርገን መጥራታችን ነው። የጥንት ሰዎች የዚህን የአካል ክፍል ዋጋ ዐውቀውታል። በመጽሐፈ ኢያሱ በ11ኛው ምዕራፍ፣ ደግሞም በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በ8ኛው ምዕራፍ፣ የጠላት ፈረሶች ቋንጃ እንደ ተቈረጠ ተጽፏል። ፈረስን ሳይገድሉ ከጦርነት ለማውጣት ቋንጃውን መቍረጥ ይበቃ ነበርና ነው። ቋንጃው የተቈረጠ ፈረስ ዐይኑ ቢያይ፣ ልቡም ቢነሣሣ፣ እግሩ አይታዘዝለትም።

የቋንጃ ዋና ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ጉልበትን ማጠፍ ነው፤ ሁለተኛው ጭንን ወደ ኋላ ገፍቶ አካልን ወደ ፊት ማስኬድ ነው። ሰው በሚሮጥበት ጊዜ ግን ሦስተኛና እጅግ ከባድ የሆነ ሥራ ይጨመርበታል። እግር ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቋንጃ እየተሳበ የቅልጥሙን ውርወራ ይገታል። ይህም ውኃ መቅጃውን በገመድ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድን ሰው ይመስላል። ሰውየው ገመዱን ይለቃል፤ ነገር ግን እየያዘ ይለቃል። ያለ ልክ ቢለቀው መቅጃው ከድንጋይ ተጋጭቶ ይሰበራል። ቋንጃም እንዲሁ እየረዘመ ሸክም ይይዛል፤ በሩጫ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው በዚህ እየተሳበ በሚይዝበት ቅጽበት ነው።

የባሌ አገር አቀማመጥም የእግርን ሥራ በየዓይነቱ ያሳየናል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በዚያው አምባ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ነው። በዳገት ላይ አካልን ወደ ላይ ከሚገፉት ዋነኞቹ የመቀመጫ ጡንቻና ቋንጃ ናቸው። ከሳነቴ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ በሚወረድበት ቍልቍለት ግን ሥራው በብዛት ወደ ፊተኛው ጭን ይዞራል፤ በዚያ ጊዜ እየተሳበ የአካልን ክብደት የሚይዘው እርሱ ነውና። ቍልቍለት የወረደ ሰው በማግስቱና በሠልስቱ ጭኑን የሚያመው ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ በ4,000 ሜትር ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከመቶው 60 እጅ ገደማ ስለሆነ፣ በቈላ የማያደክመው ሥራ በዚያ ያደክማል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ከቈላ የመጣውን እንግዳ በአምባው ላይ ሲያለከልክ ቢያየው ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

እንግዲህ ድካም ራሱ ምንድን ነው? የቱሪን ከተማ ሊቅ አንጀሎ ሞሶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የጣትን ድካም የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ክብደት በገመድ አስሮ በአንድ ጣት ደጋግሞ እያስነሣ፣ ኀይሉ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ ጻፈ። ከሥራው ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ተማሪዎችን ሲፈትን የዋለ መምህር ጣቱ ምንም ሳይሠራ የጣቱ ኀይል ቀንሶ መገኘቱ ነው። ከዚህም የተነሣ ድካም በሁለት ቦታ እንደሚኖር ታወቀ። አንደኛው በአንጎልና በነርቭ ነው፤ ይህም ትእዛዙ ራሱ ሲዳከም ነው። ሁለተኛው በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ይህም ትእዛዙ ቢደርስም ጡንቻው እንደ ቀድሞው ለመኰማተር ሲያቅተው ነው። በፊት ጊዜ የድካም ምክንያት ጡንቻ የሚያመነጨው አሲድ ብቻ ነው ይባል ነበር። የኋላ ሊቃውንት ግን በጡንቻ ውስጥ የፎስፌት መከማቸት፣ የካልሲየም ሥራ መጓደልና ለሥራ የተቀመጠው ስኳር ማለቅ ከባድ ምክንያቶች መሆናቸውን አስረድተዋል።

ስለ ቋንጃ ለብቻው የተደረገው ምርመራም ግልጥ ነው። የፊተኛው ጭን ኀይል 100 ቢሆን፣ በዝግታ በሚለካበት ጊዜ የቋንጃ ኀይል ብዙውን ጊዜ ከ60 ብዙ አይርቅም። ሁለቱ በአንድ ጉልበት ላይ ፊትና ኋላ ሆነው እንደሚጐትቱ ገመዶች ስለሆኑ፣ ደካማው ይልቁን ሲደክም ሚዛኑ ይዛባል። የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ጨዋታን በሚመስል ሩጫ እስከ 90 ደቂቃ እያስሮጡ በለኩ ጊዜ፣ ቋንጃ እየተሳበ የሚይዝበት ኀይል ሰዓቱ በገፋ መጠን ሲወርድ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በታላላቆቹ ቡድኖች የተደረገው ቈጠራም የቋንጃ ጉዳት በእያንዳንዱ የጨዋታ አጋማሽ መጨረሻ ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ድካሙና ጉዳቱ አንድ ሰዓት ጠብቀው የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንድረስ። ይህ ድካም በማን ላይ ይበረታል? ሦስት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው በአንገቱ አካባቢ ከጫካ ያገኘውን ቡናና ማር ተሸክሞ ገበያ የሚያደርስ ገበሬ ነው። ሦስተኛው ዕለት ዕለት በሥርዐት የሚለማመድ ሯጭ ነው።

የጸሐፊው ቋንጃ ከመጀመሪያው ኀይሉ ጥቂት ስለሆነ፣ ለሌላው ቀላል የሆነ እርምጃ ከእርሱ ኀይል ብዙውን ክፍል ይወስዳል። ደም የሚያደርሱለት ጥቃቅን ሥሮችም ያልበዙ ስለሆኑ ቶሎ ይዝላል፤ ዘግይቶም ያገግማል። ገበሬው ለረጅም መንገድና ለዝግተኛ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሄድ ጸሐፊው በአንድ ሰዓት የሚደክመውን ያህል አይደክምም። ነገር ግን ይህ ገበሬ በበዓል ቀን ድንገት 100 ሜትር በሙሉ ኀይሉ ሩጥ ቢባል፣ ቋንጃው ያልለመደውን ሥራ ስለሚሠራ ሊጐዳ ይችላል። ጥንካሬ አንድ ዓይነት አይደለምና፤ ለመንገድ የጠነከረ ሁሉ ለውርወራ የጠነከረ አይደለም። ሯጩ ደግሞ ከሁለቱ ይልቅ ብዙ ስንቅ ያለው ነው። ድካሙ ይዘገይለታል፤ ዕረፍትም ሲያገኝ ፈጥኖ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ከሯጮችም መካከል የአጭር ርቀት ፈጣኖች በሙሉ ኀይል ደጋግመው በሠሩ ጊዜ ከረጅም ርቀት ሯጮች ይልቅ ኀይላቸው ፈጥኖ ይወርዳል፤ ፈጣን የሆነው የጡንቻ ክር ፈጥኖ የሚደክምም ነውና።

ነገሩ እንዲገለጥ ቍጥር እናስቀምጥ፤ ቍጥሩ ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው። የሯጩ ቋንጃ ኀይል 100፣ የጸሐፊው 50 ይሁን። ሁለቱም እስኪዝሉ ሠርተው ከየመቶው 30 ቢያጡ፣ ለሯጩ 70፣ ለጸሐፊው 35 ይቀርላቸዋል። የዕለት ሥራ 40 የሚጠይቅ ቢሆን ጸሐፊው ይወድቃል፤ ሯጩ ግን ይተርፈዋል። ነገር ግን ሯጩ የሚገኘው በዕለት ሥራ ላይ ሳይሆን በውድድር ላይ ነው፤ ውድድሩም 80 የሚጠይቅ ቢሆን እርሱም ይጐድለዋል። እንግዲህ ልምምድ ለሰው የሚሰጠው ስንቅን ነው እንጂ ከድካም ሕግ ነጻ መውጣትን አይደለም። ብርቱው ሰው ከደካማው ይልቅ ከፍ ባለ ቦታ ይደክማል፤ ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ደግሞ አወዳደቁ የከፋ ነው።

የአገራችን የታወቁ ሯጮች ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓመተ ምሕረት ጳጉሜን 5 ቀን በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን አሸናፊ ሆነ። በ1957 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገደማ ደግሞ አሸነፈ። ሌሎቹ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ እርሱ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ተመልክቶ ተደነቀ። ያ ብርቱ ሰው በ1961 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት 10 ቀን በሜክሲኮ ከተማ እግሩ ተጐድቶ ስለ ነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን ተወ። ድሉንም ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ለኢትዮጵያ አተረፈ። አበበ በዚያ ቀን ሰነፈ ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር ፍርዱ ምንኛ የተሳሳተ ይሆን ነበር!

ከባሌ አጠገብ ካለው ከአርሲ፣ ከበቆጂ የተነሣው ቀነኒሳ በቀለም ሌላው ምስክር ነው። በ5,000ና በ10,000 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ የነበረው ይህ ሯጭ ወደ ማራቶን ከገባ በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አራቀው። በ2012 ዓመተ ምሕረት መስከረም 18 ቀን በበርሊን ከተማ ሲሮጥ ቋንጃውን ስላመመው ከመሪዎቹ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረ። አካሉን አላልቶ ልኩን ጠብቆ ከሄደ በኋላ ግን ተመልሶ ደረሰባቸው፤ አልፎም በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የጐደለው 2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በዚያች ሕመም በተሰማችው ደቂቃ በግድ ልግፋ ብሎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ፍጻሜውን ባላየ ነበር። ማስተዋል ከኀይል ጋራ ሲገናኝ ይህን ይሠራል።

ነገር ግን በየስፍራው ይህ ማስተዋል ሲጐድል እናያለን። የትምህርት ቤቶች ውድድር በሚደረግበት ጊዜ አንድ ጐበዝ ልጅ ከተገኘ፣ ጧት ለሩጫ፣ ከቀትር በፊት ለዝላይ፣ ከሰዓት በኋላ ለእግር ኳስ ይሰለፋል። እርሱ ብርቱ ነው፤ አይደክምም ይባላል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ፣ ምናልባትም ሳይበላ ያደረ መሆኑን የሚጠይቀው የለም። ልጁም ቋንጃውን ይዞ በወደቀ ጊዜ የሚያነሣው ሰው፣ ተነሥ፣ አትለግም፣ ይለዋል። ሕመሙ ጥቂት እንዳለፈለት ወደ ሜዳ ይመልሱታል። ቋንጃው አንድ ጊዜ የተጐዳ ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ደግሞ ለመጐዳት የቀረበ መሆኑ በምርመራ የታወቀ ነው። በዚህ ዓይነት ገና በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ከሜዳ የሚወጣው ልጅ፣ ለአገሩ ስም ሊያስጠራ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በተማረበት ትምህርት ቤት ሰነፍ ተብሎ ይቀራል። እኛ በዚህ ነገር ዝም ልንል አይገባንም።

ስለዚህ ከሹማምንቱና ከትምህርት ቤት ሹሞች የምንለምነው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ልምምድ በደረጃ ይሁን። ትናንት በወንበር ላይ የነበረውን ልጅ ዛሬ ከሯጭ ጋራ አንድ አድርጎ ማስሮጥ ፍርድ ማጓደል ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንጃ ለብቻው ይሠልጥን። ለዚህ የሚሆን ኖርዲክ የሚባል ቀላል ልምምድ አለ። ልጁ በለስላሳ መሬት ላይ ይንበረከካል፤ ባልንጀራው ቍርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፤ እርሱም ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፤ መያዝ ሲያቅተው በእጆቹ ይቀበላል። ይህ ልምምድ ቋንጃን እየተሳበ እንዲይዝ ያስተምረዋል። ልምምዱን የሚያዘወትሩ ቡድኖች የቋንጃ ጉዳታቸው ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ምርመራዎች ተደምረው አሳይተዋል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የአንገቱ ልጅ ከሌላው አገር ልጅ ጋራ እኩል ሊሠራው ይችላል። ሲጀመር ግን በጥቂቱ ይጀመር፤ ያልለመደውን ሰው ለሁለትና ለሦስት ቀን ያመዋልና።

ሦስተኛ፣ አንድ ልጅ በአንድ ቀን የሚሰለፍበት ውድድር ቍጥር ይወሰን፤ በመካከሉም የመብልና የዕረፍት ጊዜ ይሰጠው። በጾም ወራት፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ጾም፣ ውድድሩ ከጾሙ ሰዓት ጋራ የማይጋጭበት ጊዜ ይመረጥ።

አራተኛ፣ የተጐዳው ልጅ የተጐዳው እግሩ ከደኅናው እግር ጋራ እስኪተካከል ድረስ ወደ ውድድር አይመለስ። ለመመለሱ ምስክር የሚሆነው ኀይሉ እንጂ የአሠልጣኙ ችኰላ አይደለም።

ይህ ምክር ለሜዳ ብቻ አይደለም። በበጋ ወራት ሕዝቡ ለእርከን ሥራ በሚወጣበት ጊዜ፣ ጐንበስ ብሎ የሚቈፍርና ቀና የሚል ሰው ሁሉ ቋንጃው ሸክም ይይዛል። ለወጣቱና ለሽማግሌው፣ ለለመደውና ላልለመደው አንድ ልክ መሬት ማካፈል ሥራውን የሚያፋጥን ይመስላል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቀን ግማሹ ሰው ታሞ ቢቀር የተገኘው ትርፍ ይጠፋል። አስተዋይ ሹም ሠራተኛውን በዐቅሙ ይደለድላል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶቻችን ይህን ጥበብ ከእኛ በፊት ያውቁታል። የንስሐ አባት ለልጆቹ ሁሉ እኩል ስግደት አያዝዝም፤ ለጐልማሳው እንደ ጐልማሳነቱ፣ ለሕመምተኛው እንደ ሕመሙ ይመጥናል። በሰሙነ ሕማማት ስግደት የሚሰግድ ሰው ወድቆ በተነሣ ቍጥር ቋንጃው አካሉን እንደሚያነሣ በራሱ ላይ ያውቀዋል። ሌሊቱን በማሕሌት የሚቆሙ ካህናትም መቋሚያ መያዛቸውን ማንም እንደ ድክመት አይቈጥርባቸውም። በምሥራቅ ባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን በእግራቸው የሚጓዙት ሙስሊም ወገኖቻችንም ባላ ዘንግ ይዘው ይሄዳሉ። ሃይማኖት ሁሉ ሰው እንዲተጋ ያዝዛል፤ ነገር ግን የሚደገፍበትን በትር አይከለክለውም። ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ በምድረ በዳ ደክሞ በተኛ ጊዜ መልአኩ ተግሣጽ ሳይሆን እንጀራና ውኃ እንዳመጣለት፣ ከዚያም በኋላ 40 ቀን እንደ ተጓዘ ካህናቱ ለወጣቶችና ለወላጆች ቢያስተምሩ፣ ከአሠልጣኝ ቃል ይልቅ የእነርሱ ቃል በሕዝቡ ልብ ይገባል።

አንዳንድ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ፣ ለድካም ሰበብ ከተሰጠው ሰው ሁሉ ሥራ ይተዋል ብሎ ይፈራ ይሆናል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ከድካም ጥላ ሥር የሚሸሸግ ሰነፍ በእውነት አለና። ነገር ግን ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ሰነፍ ከሥራው በፊት ይደክማል፤ ደካማ ግን ከሥራው በኋላ ይደክማል። ሰነፍን ዕረፍት ይልቁን ያሰንፈዋል፤ ደካማን ግን ዕረፍት ያበረታዋል። በሥራ ላይ ቆሞ የሚመለከት አሠልጣኝና ሹም ይህን ልዩነት በጥቂት ቀን ውስጥ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ከሩቅ ሆኖ በሚያዝዘው ሰው ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ ስም ያተረፉላት እግሮች ከደጋ ከገጠር መንደሮች የተነሡ ናቸው። በባሌ ደጋና በሐረና ጫካ ዳር፣ በየጧቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚሮጡት ልጆችም የዚያው ዘር ናቸው። ከእነርሱ መካከል ነገ ማን እንደሚነሣ አናውቅም። የእኛ ፈንታ ኀይላቸውን ሳያልቅ መጠበቅ፣ ሲዝሉም እንደ አሮንና እንደ ሖር መደገፍ ነው። ብርቱን ብርቱ ነውና ይችላል ብሎ ያለ ዕረፍት የሚያሠራ፣ የገዛ ፈረሱን ቋንጃ በገዛ እጁ የሚቈርጥ ሰው ነው።